ቀበሌው የማን ነው?



ከሁለት ዓመት በፊት ከዚህ ግቢ የተመረቀ አንድ ወንድማችን ባለፈው ወር ለጁሙዓ መጥቶ ነበር። ከሶላት በኋላ እንደ ድሮው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥንና ስለ ሥራው ጠየቅነው። አልሐምዱሊላህ፣ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሯል። ማስታወቂያ አይቶ ተመዘገበ፣ ተፈተነ፣ ሁለተኛ ወጣ፤ የሚፈለጉት ሦስት ሰዎች ስለነበሩ አለፈ። እስከዚህ ድረስ ዘመዱን የጠየቀውም ሆነ ጉቦ የፈለገበት ሰው አልነበረም።

ነገሩ የመጣው ሥራ በጀመረበት ቀን ነው። የሰው ኃይል ክፍል የምትሠራው እህት የሚሞሉ ቅጾች ሰጠችው፦ የሕይወት ታሪክ፣ የዋስትና፣ የጡረታ። በመካከላቸው አንድ የፓርቲ አባልነት ፎርም ነበረ። «ግዴታ ነው» አላለችውም። «ይሄንንም ሙላውና አብሮ ፋይልህ ውስጥ ይግባ» ነው ያለችው፤ ሁለት ጉርድ ፎቶ አምጣ በሚባልበት ድምፅ። ከፊቱ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜ አለ። ሞላው።

ይህን ሲነግረን አልተማረረም። «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» ብሎ ብቻ ጠየቀን። እኛም ተከፋፈልን። አንዳንዶቻችን «ወረቀት ነው፣ ልብህን አላህ ያውቀዋል» አልን። አንዳንዶቻችን ደግሞ «አይሆንም፣ ሪዝቅ በፎርም አይመጣም» አልን፤ ይህን የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገና ሥራ ያልፈለገ ሰው መሆኑን ግን ማመን አለብን። ሦስተኛው ሐሳብ ነው እስከ ዛሬ ሲያከራክረን የቆየው፦ «እንዲያውም በብዛት እንግባ። የኛ ሰው ወንበሩ ላይ ከሌለ ለመስጊድ ቦታ ማን ይሰጠናል? ለመቃብርስ?»

ይህ ጽሑፍ ለሦስተኛው ሐሳብ የተጻፈ መልስ ነው።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ መነጋገር አያስፈልግም። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም ሆነ ከሱ በፊት የነበረው 515/1999 ሥራ ፈላጊዎችን በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ አመለካከት ማበላለጥን ይከለክሉ ነበር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ሲደነግግ ፖለቲካዊ አስተያየትን ከዘርና ከሃይማኖት ጋር አብሮ ይጠቅሳል። በአንቀጽ 87 ደግሞ የመከላከያ ሠራዊቱ ሥራውን ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ እንዲያከናውን በግልጽ ያዛል። ጠመንጃ ለያዘው የተጻፈው ቃል ማህተም ለያዘውም በዚያው ድምፅ ቢጻፍ እንወድ ነበር። ተራው ሰው በዕድሜው ከጄኔራል ጋር አንድ ቀን እንኳ ላይገናኝ ይችላል፤ ከቀበሌ ጸሐፊ ጋር ግን ሲወለድም፣ ሲያገባም፣ ቤት ሲሠራም፣ ሲሞትም ይገናኛል።

ስለዚህ ጥያቄው ሕግ አለ ወይ የሚል ሳይሆን፣ ይህ ሕግ እያለ ያ ፎርም እንዴት ከጡረታ ቅጹ ጋር አንድ ላይ ተሰፋ የሚል ነው።

ሹመትን ለራስ ሰው ማከፋፈል ፓርቲ ከመኖሩ በፊትም ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በፓርቲ ዘመን የተፈጠረ አይደለም። የኛ ዘመን ልዩነቱ ነገሩ እስከ ሰፈር መውረዱ ነው። ቀበሌ የተወለደው በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። መጀመሪያ የተሰጠው ሥራ የኪራይ ቤቶችን ማስተዳደር፣ የጎረቤት ክርክር መዳኘት፣ ሰፈሩን ማልማት ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ግን ያው ቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች የታጠቁበት፣ በቀይ ሽብር ዘመን ወጣቶች እየተያዙ የሚገቡበት ግቢ ሆነ። የስኳርና የሳሙና ራሽንም ከዚያው ከቀበሌ ሱቅ ነበር የሚገኘው። የሚያስረውና የሚያበላው አንድ በር ሆነ ማለት ነው። በ1977 ኢሠፓ ሲመሠረት የአገሪቱ አስተዳደርና ፓርቲው በይፋ ተጋቡ።

ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ በወረቀት ላይ ፓርቲና መንግሥት ተለያይተው ነበር፤ መድብለ ፓርቲ ነው ተባለ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ግን የአባላቱ ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ ሺዎች ተነሥቶ ከ4 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች በአንድ ሌሊት የርዕዮተ ዓለም ፍቅር የያዛቸው አይመስለንም። ብዙዎቹ መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የግብርና ባለሙያዎችና ከግቢያችን ቀደም ብለው የተመረቁ ወጣቶች ነበሩ። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ከእርሻው እስከ ትምህርት ቤቱ ተዘረጋ። ልማት የሚነገርበትና ጎረቤት የሚታይበት ስብሰባ አንድ ሆነ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሪፖርት የተቃዋሚ ደጋፊ የተባሉ ገበሬዎች ዘርና ማዳበሪያ፣ አንዳንዴም የሴፍቲኔት እርዳታ እንደተከለከሉ የተናገሩትን አስፍሯል። መንግሥት ሪፖርቱን አስተባብሏል። በ2007 ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም የምክር ቤት መቀመጫ ወሰዱ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ያን አለመናገር ሐቅን መደበቅ ነው። በኅዳር 2012 ግንባሩ ፈርሶ አንድ ፓርቲ ሆነ። ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪዎች ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ አይተናል። የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ ወደድነውም ጠላነውም ፈተናው የማንንም አባልነት አይጠይቅም። አዲስ አበባም በ2016 ሠራተኞቿንና አመራሮቿን በብዛት ፈተና ላይ አስቀምጣ ብዙዎች ሳያልፉ ቀርተዋል። እነዚህን በበጎ እናያቸዋለን። ነገር ግን አናት ላይ ወንበር ማጋራት አንድ ነገር ነው፣ ታች ፎርሙን ከፋይል ማውጣት ሌላ ነገር ነው። ለውጡ የወንድማችን ጠረጴዛ ድረስ አልመጣም።

ጉዳቱን ብዙ ጊዜ የምንረዳው በግማሽ ነው። «ብቃት የሌለው ሰው ተሾመ» ብለን እናማለን። እሱ እውነት ነው፤ ግን ትንሹ ጉዳት ይመስለናል። ብዙ አባላት ጎበዞችና ታታሪዎች ናቸው፣ ወንድማችንም በፈተና ሁለተኛ የወጣ ነው። ትልቁ ጉዳት ባለጉዳዩ ላይ የሚደርሰው ነው።

የአንዳችን እናት አባታችን ከሞቱ በኋላ የቤቱን ካርታ ወደ ስማቸው ለማዞር የሄዱበትን እንንገራችሁ። ማክሰኞ ሄዱ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሐሙስ ሄዱ፤ ሥልጠና ላይ ናቸው። ሰኞ ሄዱ፤ ግምገማ ነው። ስብሰባው የቢሮው ይሁን የፓርቲው የሚነግር የለም፤ ምክንያቱም አዳራሹም አንድ፣ ሰዎቹም አንድ፣ ሰዓቱም የሥራ ሰዓት ነው። ለባጃጅ የሚከፍሉት ከጡረታቸው ላይ እየተነሳ ነው። በአራተኛው ቀን የበሩ ጥበቃ አዘነላቸው። «እናቴ፣ እንዲህ አይመላለሱ። ሰው ካለዎት ሰው ይፈልጉ» አላቸው።

«ሰው» የሚለውን ቃል ልብ በሉልን። ቢሮው በሰው የተሞላ ነው። በየጠረጴዛው ደመወዝ የሚበላ ሰው ተቀምጧል። ጥበቃው የሚለው ሰው ግን ሌላ ነው፤ ስልክ ደውሎ ማስደረግ የሚችል፣ «የኛ» የሚባል። እናታችን ሰው ፈለጉ፣ አገኙም፤ የጎረቤት ልጅ የወጣቶች ሊግ ውስጥ ነበር። ካርታው በሦስት ቀን ወጣ። ልጁ አንዲት ሳንቲም አልጠየቀም። እናታችን እስከ ዛሬ ያመሰግኑታል፣ ዱዓ ያደርጉለታል። እሳቸው የተቀበሉት ግን ስጦታ አልነበረም፤ የገዛ ሐቃቸው ነው። ሐቅን እንደ ውለታ መቀበል የለመደ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሐቁን አይጠይቅም፣ ሰውን ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ልማድ ከሙስናም የከፋ ነው። ጉቦ የከፈለ ሰው ቢያንስ እንደተበደለ ያውቃል።

ይህ የኛ አገር ብቻ በሽታ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፕሬዚዳንት በተለወጠ ቁጥር እስከ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ድረስ ይባረር ነበር፤ አሸናፊው ፓርቲ ቢሮዎቹን እንደ ምርኮ ይከፋፈላቸው ነበር። ሹመት ያገኘውም ከደመወዙ ለፓርቲው መዋጮ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1881 ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን ተኩሶ የገደለው ሰው «ለፓርቲው ሠርቼ ሹመት ተነፈግሁ» ባይ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የፔንድልተን ሕግ ወጣ፤ በፈተና መቅጠርን አመጣ፣ ሠራተኛን ለፓርቲ መዋጮ አልሰጠህም ብሎ ማባረርን ከለከለ። ሲጀመር የሸፈነው ከፌዴራል ሥራዎች አሥር በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር፤ ቀሪው ለመግባት አሥርት ዓመታት ፈጅቷል። ያም ሆኖ ጉዳዩ አላለቀም። ብዙ ቋሚ ሠራተኞችን በቀላሉ ለማሰናበት የሚያስችል የፕሬዚዳንት ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጥቶ፣ በ2021 ተሽሮ፣ በ2025 ተመልሶ መጥቷል። አንድ ጊዜ ታክሞ የሚድን ነገር አይመስልም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሐሳብ እንመለስ፤ «የኛ ሰው ይግባ» ወደሚለው።

ይህን የሚሉ ወንድሞችና እህቶች ከባዶ አልተነሡም። በንጉሡ ዘመን ከፓርቲ ነፃ የሆነ ቢሮ ነበረ፤ ፓርቲ የሚባል ነገር ራሱ አልነበረማ! ከሙስሊም ግን በጣም ነፃ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አባቶቻችንና አያቶቻችን ክርስቲያን ወዳጆቻቸውን ይዘው አዲስ አበባ ላይ በሰልፍ ሲወጡ፣ ከበዓላት መከበር ጋር አብሮ ይነሣ የነበረው ጥያቄ በመንግሥት ሥራ እኩል የመሳተፍ ጥያቄ ነበር። ለብዙ ቤተሰቦቻችን የመጀመሪያው የቢሮ ወንበር የተገኘው በኋላ፣ በድርጅት በኩል ነው። አባቱ በዚያ መሰላል የወጣ ልጅ መሰላሉ ላይ እንዲተፋ አንጠይቅም።

ግን የ2005ቱን መስከረም እናስታውስ። የዚያን ጊዜ አብዛኞቻችን ልጆች ነበርን፤ በቤት ሲወራ ግን ሰምተናል። የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ይካሄድ ሲባል ሕዝቡ በመስጊድ ይሁንልን አለ። የዚያን ዘመን ክርክር ሁሉ እዚህ ማንሣት አንፈልግም፤ የምንፈልገው አንዱን ነገር ነው። ሰው ቀበሌን ለምን ፈራ? አዳራሹ እኮ መታወቂያ የምናድስበት፣ ክትባት የተከተብንበት አዳራሽ ነው። ቀበሌው የሁሉም ቢሆን ኖሮ ማን ይከፋው ነበር? ሰው የፈራው መዝገቡን ነው። ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚለውን የሚመዘግበው እጅና ነገ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው እጅ አንድ መሆኑን ያውቃል። በዚያ ሰሞን ቀበሌ ውስጥ ሙስሊም ሠራተኞችና ሙስሊም አመራሮች አልነበሩም እንዴ? ነበሩ። ወንበሩ ላይ በፓርቲ በኩል የተቀመጠ ሰው በጨነቀ ቀን የኛ አይሆንም፤ ወንበሩን የሰጠው አካል ሰው ነው። ይህን የምንለው እነሱን ለመውቀስ አይደለም፤ ብዙዎቹ ሌሊት እንቅልፍ አጥተው እንደነበር ከቤተሰቦቻቸው ሰምተናል።

እሺ፣ በእርግጥ የኛ ሆነ እንበል። የመስጊዱን ቦታ ቶሎ ፈረመልን። ከኋላችን ተሰልፈው የነበሩት ነጠላ የለበሱ እናት ግን ሰው የላቸውም። ጥበቃው ምን ይላቸዋል? ለአንዳችን እናት ያለውን ነው የሚላቸው። በሚቀጥለው ምርጫ ወይም ሹም ሽር ደግሞ የእሳቸው ወገን ይገባና ተራው የኛ ይሆናል። በዚህ መንገድ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም በውለታ የተሠራ ይሆናል እንጂ በሐቅ የተሠራ አይሆንም፤ በውለታ የተሰጠ ቦታ ደግሞ ውለታው ሲያልቅ ክርክር ይነሣበታል።

ስለ አማና በኹጥባ የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ አደራ የተቀመጠ ገንዘብን በተመለከተ ነው። በሱረቱ አን-ኒሳእ አማናን ለባለቤቱ ስለመመለስ የሚናገረውን አንቀጽ (ቁጥር 58) ሙፈሲሮች ከካዕባ ቁልፍ ጋር ያያይዙታል። መካ በተከፈተች ቀን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቁልፉን ከቅርብ ዘመዶቻቸው ለቀረበ ጥያቄ አሳልፈው አልሰጡም፤ ቀድሞ ይጠብቀው ለነበረው ለዑስማን ኢብን ጦልሐ መለሱት። ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቀን የአቡ ዘር (ረ.ዐ) ጉዳይ ነው። አቡ ዘር ሹመት ጠየቁ። በታማኝነት የሚጠረጠሩ ሰው አልነበሩም፤ ከመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች አንዱ ናቸው፣ ነቢዩም ይወዷቸዋል። መልሱ ግን ሹመት አማና መሆኑን፣ እሳቸውም ለዚያ ደካማ መሆናቸውን በፍቅር የሚነግር ሆነ። ከአቡ ዘር የበለጠ «የኛ ሰው» ከየት ይመጣል?

ፓርቲ ጨርሶ ሰው አይሹም የሚል ሞኝነት የለንም። የተመረጠ ፓርቲ ሚኒስትሩን፣ ሚኒስትር ዴኤታውን፣ አማካሪውን ከራሱ ሰዎች ቢያደርግ መብቱ ነው፤ ሕዝብ የመረጠውን ፖሊሲ የሚያስፈጽምለት ሰው ያስፈልገዋል። መስመሩ የት ላይ እንደሚሰመር ሊያከራክር ይችላል። እኛ የምንጠቀምበት ቀላል መለኪያ ይህ ነው፦ ፓርቲው ምርጫ በተሸነፈ ማግስት ማን ነው ቢሮውን የሚለቀው? ሚኒስትሩ ከሆነ ጤነኛ ነው። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ፣ የመሬት ባለሙያው፣ ልደት መዝጋቢዋ ጭምር ከሆኑ ግን ምርጫው የፖሊሲ ምርጫ መሆኑ ቀርቶ የመቶ ሺዎች ቤተሰብ የእንጀራ ጉዳይ ይሆናል። እንጀራውን የሚያጣ ሰው ደግሞ መሸነፍን በፀጋ አይቀበልም። ምርጫ በመጣ ቁጥር አገሩ የሚጨንቀው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል።

ይህን ሁሉ ስንል የራሳችንንም ጓዳ እናውቃለን። ዘንድሮ የኢፍጣር ኮሚቴ ስንመርጥ ማን ሒሳብ ይችላል፣ ማን ወጥ ቤቱን ያውቃል ብለን አልጀመርንም። ከየትኛው አካባቢ ስንት ሰው ይግባ በሚል ነው ሁለት ሰዓት የተከራከርነው። ውጤቱን በሁለተኛው ሳምንት ቴምር ሲያልቅ ሁላችሁም አይታችኋል። (ገንዘብ ያዡን አትውቀሱት፤ እሱ ራሱ አልችልም ብሎ ነበር።) ሃያ ሰው የሞላበት ኮሚቴ ላይ ያልተለማመድነውን ወረዳ ላይ ስንደርስ ከየት እናመጣዋለን?

ለተመራቂዎቻችን የምንለው ጥቂት ነው። ፎርሙ ሲመጣ በሕግ ግዴታ እንዳልሆነ እወቁ። «አንብቤ እመልሳለሁ» ማለት ይቻላል። አምኖበት አባል የሚሆን ካለ ደግሞ መብቱ ነው፤ ግን ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ከቢሮው አዳራሽ ውጭ ይሁን። ፈርቶ የሞላውን ከዳተኛ አንለውም። የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ፣ ቤተሰብ የሚጠብቀው ሰው ምን እንደሚሰማው እዚህ በግቢ ካፌ እየበላን መፍረድ አንችልም። ከፎርሙ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የሚሠራው ነው የሚያሳስበን።

ወንድማችን ሊሄድ ሲል የነገረን አንድ ነገር አለ። ጠረጴዛው ላይ ደብተር አለው፤ ባለጉዳይ ሲመጣ ስሙንና ሰዓቱን ይጽፋል፣ በዚያ ተራ ያስተናግዳል። ማንም አላዘዘውም። ከሦስት ሳምንት በፊት አለቃው አንድ ወጣት ልኮ «ይሄን አስቀድመው፣ የኛ ነው» አለው። ወንድማችን ደብተሩን አሳየው፤ «14ኛ ነው፣ አሁን 6ኛው ላይ ነን» አለው። ወጣቱ ተቀምጦ ጠበቀ፤ እንዲያውም አልተቆጣም፣ ስልኩን ሲነካካ ተራው ደረሰ። አለቃው ግን በማግስቱ አስጠርቶት «አመለካከትህ ላይ እንነጋገራለን» ብሎታል።

ግምገማው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። ደብተሩ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ነው።